መኪናዬ ባዶ መንገድ ላይ በራሷ ፍሬን ያዘች፣ ሲስተሙን ላስነቅለው ወይ?

እህቴ የጠየቅሽው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ከቻይና የገባ ኤሌክትሪክ መኪና ነው ምትነጂው፣ ከሁለት ወር በፊት የፊት መስታወቱ በጠጠር ተሰንጥቆ አስቀየርሽው፣ ከዛ ወዲህ ሶስት ጊዜ ፊትሽ ምንም ሳይኖር መኪናዋ በራሷ ፍሬን ያዘች፣ የመጨረሻው ቀለበት መንገድ ላይ የእግረኛ ድልድይ ስር ሆኖ ከኋላሽ የነበረው ሚኒባስ ለጥቂት ነው የተረፈው፣ መካኒክሽ ደግሞ "ይሄ ነገር ለኛ ሀገር መንገድ አይሆንም፣ ነቅለን እንጣለው" አለሽ። ልጆችሽን ትምህርት ቤት ምታደርሺው በሷ ስለሆነ ጨንቆሻል።

በራሱ ፍሬን የሚይዘውን ሲስተም አታስነቅዪው። መካኒክሽ ክፉ አስቦ አይደለም ግን ተሳስቷል። ችግሩ ሲስተሙ ላይ ሳይሆን ከመስታወቱ ቅያሪ በኋላ ያልተሰራ ስራ ላይ ነው ብዬ ነው ማምነው። እስከሚሰራ ድረስ ከስክሪኑ ላይ ማጥፋት ትችያለሽ፣ ማጥፋትና ማስነቀል ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፣ እዛ ላይ እመለሳለሁ።

እኔ አዲስ አበባ የመኪና ኤሌክትሪክና ዲያግኖስቲክ ነው ምሰራው። ከዛ በፊት ዱባይ 6 አመት ስሰራ የኛ ክፍል ስራ በሙሉ የመኪና ካሜራና ራዳር ማስተካከል ነበር፣ ካሊብሬሽን ሚባለው። መስታወት የተቀየረለት መኪና ሁሉ እኛ ጋ ሳያልፍ ለባለቤቱ አይሰጥም ነበር። እዚ ስመጣ ያስደነገጠኝ መስታወት የሚቀይረው ብዙ ሆኖ ከዛ በኋላ ስላለው ስራ የሚያወራ ሰው ማጣቴ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ከተማው ካሜራና ራዳር ባላቸው መኪኖች ሞልቷል፣ ስለዚ ጥያቄሽ የብዙ ሰው ጥያቄ ነውና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚያስብ እንይ። አውቶማቲክ ኢመርጀንሲ ብሬክ የሚባለው በአብዛኞቹ መኪኖች ሁለት አይን አለው፣ አንዱ ከውስጥ መስታወቱ ጀርባ የፊት መስታወቱ ላይ የተገጠመው ካሜራ ነው፣ ሌላው ከፊት ባምፐሩ ወይም ከአርማው ጀርባ የተደበቀው ራዳር ነው። ከነሱ የሚያገኘውን ይዞ ኮምፒውተሩ ያለማቋረጥ አንድ ሂሳብ ይሰራል፣ ፊት ያለው ነገር ጋር ያለኝን ርቀት ወደሱ በምጠጋበት ፍጥነት ባካፍለው ስንት ሰከንድ ቀረኝ? በሰዓት 50 ኪ.ሜ. ስትነጂ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ነው ምትሄጂው፣ ስለዚ 28 ሜትር ላይ የቆመ መኪና ካለ 2 ሰከንድ አለሽ። ሰከንዱ ሲያንስ መጀመሪያ ይጮኻል፣ አንቺ ዝም ካልሽ በትንሹ ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰከንድ አካባቢ ሲቀር ባለ በሌለ ሀይሉ ይይዛል። አንቺ ታድኚው ዘንድ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል ማለት ነው። እሱ የሚገባው ሰው ሲያቅተው ነው።

አሁን ወደ መስታወትሽ። ብዙ ሰው ካሜራ ርቀት ሚለካ ይመስለዋል፣ አይለካም፣ አንድ ካሜራ ብቻ ያለው ሲስተም ርቀትን የሚገምተው እንደ ሰው አይን በብልሃት ነው። ከብልሃቶቹ ዋናው ነገሩ መሬት የሚነካበትን ቦታ ማየት ነው፣ ቅርብ ያለ መኪና ጎማው ምስሉ ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ሩቅ ያለው ወደ አድማሱ ከፍ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቮልቮ አውስትራሊያ ውስጥ ሲስተሙ ካንጋሮ ላይ እንደተቸገረ ተናግሮ ነበር፣ ምክንያቱ ይሄው ነው፣ ካንጋሮ ሲዘል እግሩ ከመሬት ይነሳና ኮምፒውተሩ ራቀ ይላል፣ ሲያርፍ ደግሞ ቀረበ ይላል።

እንግዲህ ካንጋሮው ባይኖርም ካሜራው ራሱ ቢዘምስ? ልብ ብለሽ ተከተይኝ ምክንያቱም ጠቅላላ ጉዳዩ እዚ ጋ ነው ያለው። ካሜራሽ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ከፍታ ላይ ነው እንበል። 30 ሜትር ላይ ያለን መኪና ጎማ የሚያየው ከአድማስ ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ዝቅ ብሎ ነው። ካሜራው መስታወቱ ሲቀየር በግማሽ ዲግሪ ብቻ አቅጣጫው ቢለወጥ፣ ግማሽ ዲግሪ ማለት በአይንሽ ምታዪው ነገር አይደለም፣ ያ 30 ሜትር ላይ ያለው መኪና አንድም 25 ሜትር ላይ አለ ብሎ ያስባል አንድም 37 ሜትር ላይ። የመጀመሪያው ከሆነ ሳይደርስ ይይዛል። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ መያዝ ያለበትን ሰአት ያልፈዋል፣ እሱ ነው እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ምክንያቱም እስከ አደጋው ቀን ድረስ ምንም ምልክት አታዪም። ወደ ጎን ከዞረም እንደዛው ነው፣ አንድ ዲግሪ ወደ ግራ ከዞረ 100 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ75 ስህተት ይሆናል፣ ያ የአንድ ሌን ግማሽ ነው፣ ከጎንሽ ያለውን ሌን መኪና ፊትሽ ያለ ይመስለዋል ማለት ነው። እርግጥ ካሜራው እየተነዳ በመጠኑ ራሱን ያርማል፣ ግን የሚያርመው ገደብ አለው፣ ከገደቡ ሲያልፍ ጥሩው መኪና መብራት አብርቶ እራሱን ያጠፋል፣ ሁሉም ግን እንደዛ አያደርግም።

ባለፈው ክረምት አንድ መኪና መጣልኝ፣ ልክ እንዳንቺ ነው ችግሩ፣ ባዶ መንገድ ላይ ይይዛል። የካሜራውን የፕላስቲክ ሽፋን ስከፍተው መስታወቱ ላይ ካሜራው የሚሰካበት ማቀፊያ ከፋብሪካ ከመስታወቱ ጋ የመጣ አልነበረም፣ ከተሰበረው መስታወት ላይ ተፈልቅቆ አዲሱ ላይ በሲሊኮን ተለጥፏል። ሲሊኮኑ በአንድ በኩል ወፍሯል በሌላ በኩል ስስ ነው፣ ጣቴን አስጠግቼ ሳየው የጥፍር ውፍረት ያህል ልዩነት አለው። ካሜራውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ተወዛወዘ! ሰውየው ስንት ወር በዚ ሁኔታ ከቤተሰቡ ጋ አዳማ ተመላልሷል። ኤክስፕረስ ዌዩ ላይ 120 ሲነዳ እንደዚ ከሆነ መኪና ጋ ነበር። መስታወቱን የሸጡለት ልጆች ተንኮል የላቸውም፣ የነገራቸው ሰው የለም፣ ለነሱ መስታወት መስታወት ነው።

ድልድዩ ስር ለምን ሆነ ላልሽው ደግሞ ራዳሩን እንይ። ራዳር ፍጥነትን በመለካት ጎበዝ ነው፣ የሚንቀሳቀስን ነገር ከማይንቀሳቀሰው ወዲያው ይለያል። የቆመ ነገር ላይ ግን ይቸገራል ምክንያቱም መንገድ ዳር ያለው ብረት በሙሉ፣ ድልድዩ፣ ምሰሶው፣ የጎርፍ መውረጃው ክዳን፣ ሁሉም "የቆመ ነገር አለ" እያሉ ይመልሱለታል። ለሁሉም ቢይዝ መኪናሽ ከቦሌ ሳሪስ አትደርስም ነበር። ስለዚ ብዙዎቹ ሲስተሞች ለቆመ ነገር ራዳሩን ብቻውን አያምኑትም፣ ካሜራውን "እውነት መኪና ነው?" ብለው ይጠይቁታል። ካሜራው ደህና ሲሆን ድልድይ ነው እለፈው ይላል፣ ካሜራው ሲዛነፍ ደግሞ የድልድዩን ጥላ ወይም ከጎን የቆመውን ሲኖትራክ የራዳሩ ምልክት ላይ ይደርበውና አዎ ሊል ይችላል። ያንቺው እንደዚ ይመስለኛል፣ ሶስቱም ጊዜ ከመስታወቱ በኋላ መሆኑ ነው እንደዛ ያሰኘኝ። ያለ ምንም ምክንያት መያዝ ባዲስ መኪናም አለ፣ የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ ጉዳይ የቴስላንም የሆንዳንም መኪኖች መመርመር ጀምሮ ነበር፣ ስለዚ ካሊብሬሽን ተሰርቶ ከቀጠለ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ግን በቅንነት ልንገርሽ። "በከንቱ ያዘ" ተብለው እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ብዙው በከንቱ አይደለም። ሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ ሲያይ ያለ ፍሬቻ ከፊትሽ በአንድ ክንድ ክፍተት ይገባል፣ እኛ ለምደነዋል፣ "ይሄዳል" ብለን ፍሬን አንነካም። ኮምፒውተሩ ግን አልለመደውም፣ እሱ የሚያውቀው ሰከንዱን ነው። እሱ ነው ልክ። ቀለበት መንገድ ላይ አጥሩን ዘሎ የሚሻገር ሰውም እንደዛው፣ አንቺ ያላየሽውን አይቶት ሊሆን ይችላል። ያንቺ ሶስቱም ጊዜ በእርግጥ ፊትሽ ባዶ እንደነበር ዳሽካም ካለሽ ቪዲዮውን መልሰሽ እዪው።

ለምን ይሄን ያህል ሙጭጭ አልኩ? እዚ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው፣ ይሄን ሁላችንም በየሰፈራችን እናውቀዋለን። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚያንቀሳቅሱት አይአይኤችኤስ የሚባለው ተቋም ባጠናው መሰረት ይሄ ሲስተም ያላቸው መኪኖች ከፊታቸው ያለውን መኪና ከኋላ የመግጨት አደጋቸው በግማሽ ቀንሷል፣ እግረኛ መግጨት ደግሞ በ27 በመቶ። ያው ጥናት ግን አንድ መራራ ነገርም አለው፣ የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ ለእግረኛው ምንም ልዩነት አላመጣም። ሰፈርሽ የመንገድ መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ ማታ እሱን ተማምነሽ እንዳትነጂ፣ ለማታው ካንቺ አይንና ከንጹህ የፊት መብራት ሌላ የለም። የአሜሪካው ኤንኤችቲኤስኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ከሴፕቴምበር 2029 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ይሄ እንዲኖረው፣ በጨለማም እግረኛ እንዲለይ፣ ከፊቱ ያለውን መኪና ደግሞ እስከ 100 ኪ.ሜ. በሰዓት ገደማ ሳይነካ እንዲቆም ያዛል። አውሮፓ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለሚመዘገብ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ አድርጎታል። እነሱ በግድ የሚያስገጥሙትን እኛ ከፍለን ያመጣነውን በፒንሳ ቆርጠን ስንጥል ያመኛል።

አህያና በግ ግን አይጠበቅበት። አብዛኛው ሲስተም የተማረው መኪና፣ ሰው፣ ብስክሌትና ሞተር መለየት ነው። ትላልቅ እንስሳ እንዲያይ ያስተማሩት እንደ ቮልቮ ያሉ አሉ፣ እነሱም ፈረስና የስካንዲኔቪያ አጋዘን እንጂ ጭድ የተጫነች አህያ አይተው አያውቁም። ባጃጅም ላይ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።

እና ምን ታደርጊያለሽ። መስታወቱን የቀየሩልሽ ቦታ ሄደሽ ያንን መስታወት ለካሜራ የተሰራ ነው ወይ፣ ማቀፊያው አብሮት የመጣ ነው ወይስ የተለጠፈ ነው ብለሽ ጠይቂ። ሽፋኑ ሲከፈት አጠገባቸው ሁኚ፣ ሲሊኮን ካየሽ ካሊብሬሽን ብቻውን አይበቃሽም፣ መጀመሪያ መስታወቱ ነው ድጋሚ የሚቀየረው፣ ጠማማ መሰረት ላይ የሚቆም ቤት የለም። ከዛ የካሜራው አይን ፊት ያለውን ቦታ ተመልከቺ፣ ቦሎውን መሃል ላይ ለጥፈውት ካሜራው ጋ ደርሶ ያየሁት መኪና አንድ ሁለት አይደለም፣ የተንጠለጠለ መስቀል ወይም መቁጠሪያ ካለም ወደ ጎን አድርጊው። ዳሽቦርድ ላይ ነጭ ጨርቅ ማንጠፍም ፀሀይ ሲያርፍበት መስታወቱ ላይ ያንፀባርቃል። ከፊት ደግሞ ባምፐሩ ተገጭቶ በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ከሆነ ንገሪያቸው ምክንያቱም ወፍራም ስቱኮና ብረት ያለው ቀለም ራዳሩን ያደክመዋል፣ ጌጥ ብለው የሚያስገቡት የብረት መከላከያም ካለ ይውለቅ።

ካሊብሬሽኑ ራሱ ሁለት አይነት ነው። አንዱ ጋራዥ ውስጥ ይሰራል፣ ወለሉ ውሀ ልክ የሆነ፣ መኪናዋ ጭነት የሌላት፣ የጎማ ንፋሷ የተስተካከለ ሆና ከፊቷ በሚሊሜትር በተለካ ርቀት ላይ ልዩ ስእል ያለበት ሰሌዳ ይቆማል፣ ካሜራው ሰሌዳውን አይቶ እራሱን ያስተካክላል። ሌላው በኮምፒውተር ታዝዞ መንገድ ላይ እየተነዳ የሚሰራው ነው፣ እሱ ደህና የሌን መስመር የተቀባበት መንገድ ይፈልጋል፣ ስለዚ ያለው አማራጭ ጥቂት ነው፣ ኤክስፕረስ ዌዩ አንዱ ነው። ያንቺ ሞዴል የቱን እንደሚፈልግ ዲያግኖስቲኩ ራሱ ይናገራል። አንድ ማጭበርበሪያ አለ ተጠንቀቂ፣ የስህተት ኮዱን በመሳሪያ ያጠፋልሽና "ተስተካክሏል" ይልሻል። ኮድ ማጥፋት የሻማ መብራት እፍ እንደማለት ነው፣ ምንም አላስተካከለም። ሰሌዳ ካላቆመ ወይም ከመሳሪያው ጋ መንገድ ካልወጣ አልሰራም። ሲጨርስ የሚወጣውን ሪፖርት አትሞ ወይ ፎቶ አንስቶ ይስጥሽ።

ጎማና ፍሬን ብዬ ሳላልፍ አልተውሽም ምክንያቱም ሲስተሙ የሚይዘው ባንቺው ፍሬን ነው፣ ሌላ ፍሬን የለውም። በሰዓት 50 ላይ ጥሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት ሙሉ ፍሬን ሲያዝ 12 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ሐምሌ ላይ በእርጥብ አስፋልት እጥፉን፣ 25 ሜትር ገደማ ሊፈልግ ይችላል። ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ የሚይዘው አንድ ሰከንድ ማለትም 14 ሜትር ሲቀር ከሆነ በአንደኛው ተረፍሽ፣ በሁለተኛው ገጨሽ፣ ኮምፒውተሩ ጎማሽ እንዳለቀ አያውቅም። የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝላት ሸራው ብዙ አይነካም፣ ሳይነካ ሲቀር ዲስኩ ይዝጋል፣ ስለዚ ሸራው "ገና አዲስ ነው" ቢሉሽም አንዴ ይፈተሽ።

መነቀሉን ለምን እንደማልፈልግ አሁን ይገባሻል ግን አንድ ልጨምር። ካሜራው ለዚህ ብቻ አይደለም ሚሰራው፣ በአብዛኞቹ ሌን ጠባቂውም፣ ርቀት ጠብቆ የሚሄደው ክሩዙም፣ አውቶማቲክ የመብራት መቀየሪያውም ከሱ ነው ሚያዩት፣ ከፍሬን ኮምፒውተሩ ጋ በአንድ መስመር ነው ሚያወሩት። ሶኬቱ ሲነቀል ዳሽቦርድሽ በማስጠንቀቂያ መብራት ይሞላል፣ ከዛ በኋላ እውነተኛ የፍሬን መብራት ቢበራ እንኳን ከሌሎቹ አትለዪውም። መግዛት ሚፈልግ ሰውም ሲያየው ይሸሻል።

ከስክሪኑ ማጥፋት ግን ይሄ ሁሉ የለበትም፣ ስክሪኑ ቻይንኛ ከሆነ ስልክሽ ላይ ባለው የፎቶ ተርጓሚ አንስተሽ አንብቢው። በብዙዎቹ መኪኖች ሲስተሙ መኪናዋ ጠፍታ ስትነሳ ተመልሶ ይበራል፣ ስለዚ ጠዋት ጠዋት ማጥፋት ሊኖርብሽ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ግን ለሳምንት ነው። ከካሊብሬሽኑ በኋላ ግን ይብራ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲዘገይ ወይም እንዲቀድም የሚያደርግ ምርጫ ካለ የሚዘገየውን አድርጊው፣ ለአዲስ አበባ ግፊያ እሱ ይሻላል፣ ቀድሞ እየጮኸ ካሰለቸሽ መጨረሻ ላይ አትሰሚውም።

ነገ ልጆቹን ላድርሳቸው ወይ ላልሽው፣ አዎ አድርሻቸው፣ ከቤት ስትወጪ ከስክሪኑ አጥፊው፣ ከተቻለ ቀለበት መንገዱን ትተሽ በውስጥ መንገድ ሂጂ፣ ከኋላ የሚጠጋሽ ታክሲ ካለ ቀድሞሽ ይለፍ። ማጥፋቱን ረስተሽ በባዶ መንገድ ከያዘች ስፖኪዮሽን አይተሽ ነዳጅ ምንለውን ፔዳል ጠበቅ አድርገሽ እርገጪ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ይሄን ሲያይ "ሹፌሩ አለ" ብሎ ይለቅልሻል። እና የካሜራው ሽፋን ሲከፈት ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ማቀፊያው የፋብሪካ መሆን አለመሆኑን እኔ አይቼ እነግርሻለሁ።